የቱ ይታጠብ?

ወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ዛሬም "ያ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚመጣው ልጅ የት ደረሰ?" እያለች ትጠይቀኛለች። ዝምታ ሲረዝም የመጀመሪያዋን መስመር መጻፍ እየከበደ ይሄዳል፤ አሁን ግን ዝም ብዬ የማላልፈው ወሬ ደረሰኝ። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለዘመድ ጥየቃ የመጣው ወዳጃችን ካሜራህን ከነሌንሶቹ ለመሸጥ እንደወሰንክ ነገረኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ "የሚያይለት የለም። ስንት ደክሞ ያነሳውን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲለጥፈው ጥቂት ሰው ነክቶት ያልፋል፤ እሱም ፎቶዬ አይረባም ማለት ነው ብሎ ተቀብሎታል" አለኝ።

መሸጥህን እችለው ነበር። ሰው ገንዘብ ይቸግረዋል፣ ጊዜ ያጥረዋል። ያልቻልኩት "አይረባም" የሚለውን ፍርድ መቀበልህን ነው። ፍርዱን የሰጠው ማን ነው? ከዚያን ቀን ጀምሮ በሐሳቤ ከአንተ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ፤ ሙግቱን ብቻዬን ከምጨርሰው ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ከለጠፍካቸው ፎቶዎች አንዷን እስከ ዛሬ ከስልኬ አላጠፋኋትም። የፋሲካ ሌሊት ነው፤ ቦታው የቤተ ክርስቲያኑ የመኪና ማቆሚያ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከመኪና እየወረዱ ናቸው። አንድ እግራቸው መሬት ረግጧል፣ ሌላው ገና መኪናው ውስጥ ነው። በአንድ እጃቸው ያልበራ ጧፍ ይዘዋል፣ በሌላው የበሩን ጠርዝ ጨብጠዋል። ብርሃኑ ከኋላ ከሚመጣ ሌላ መኪና ነው፤ የነጠላውን ጥለት ነክቶ ያልፋል፣ የፊታቸው እኩሌታ ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

ይህች ፎቶ ለምን ጥሩ እንደሆነች ልንገርህ፤ እስካሁን የነገረህ ሰው ያለ አይመስለኝምና። በመጀመሪያ፣ ጨለማውን አልፈራኸውም። ብርሃኑን የለካኸው ከጥለቱ ላይ ነው፤ ፊታቸው በጥላ ቢሸፈንም የአገጫቸው መስመር ብቻውን ድካማቸውን ይናገራል። ቀጥሎም፣ ጧፉ አልበራም። የፋሲካ ፎቶ ሁሉ የበራ ጧፍ ነው፤ አንተ ግን ከመብራቱ በፊት ያለውን ሰዓት አነሳህ፤ እሳቸው ወደዚያ ብርሃን እየሄዱ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እጃቸው። በሩን የጨበጡበት አኳኋን ጉልበታቸው እንደማያስተማምናቸው ያሳያል፤ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሌሊት ለምን እንደመጡ ሰው ራሱን እንዲጠይቅ ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩልህም። ግራና ቀኙን ቆርጠህ ፎቶዋን በቁመት አስረዝመሃታል። የመኪናው አካል በመቆረጡ ከየት እንደሚወርዱ ለመገንዘብ ሰው ይቸገራል፤ የሌሎቹ መኪኖች ረድፍ ስለጠፋም ሌሊቱ ጠበበ። ወርድ የሚሻ ነገር ነበር። በቁመት ያስቆረጠህ ዓይንህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዓይንህን ለረጅም ዘመን አውቀዋለሁ። ያስቆረጠህ የስልኩ መስታወት ነው። ቁመት ያለው ምስል መስታወቱን ስለሚሞላ የተመልካቹን አውራ ጣት ትንሽ ያቆየዋል ይባላል። ፎቶ የማስተምራቸው ተማሪዎቼም እንዲሁ ናቸው። ሰፊ ሜዳ ፊት ለፊታቸው ተዘርግቶ እያለ ስልካቸውን አቁመው ይይዛሉ፤ ለምን ስላቸው "እንዲህ ነው የሚታየው" ይሉኛል።

ፎቶ ቤቱን ታስታውሳለህ። ፊልሙ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ አስተማሪያችን ጋሼ ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ነጋቲቮቹን ይዘረጉና አጉሊ መነጽሩን ያቀብሉናል። "የቱ ይታጠብ?" ይላሉ። አንዱን ስንጠቁም ወዲያው "ለምን?" ይከተላል። "ያምራል" ማለት እንደ መልስ አይቆጠርም ነበር። አንድ ጊዜ ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍናለች ተብሎ የተጣለውን ነጋቲቭ አንተ አነሳኸው። ጋሼ ተቆጡ። አንተ ግን "ከኋላዋ እናቷን ይዩ። ይህ ፎቶ የእሳቸው ነው" አልክ። ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ አሳጠቡት። ቤተሰቡ አልበሙን ሲረከብ እናትየዋ ያን ገጽ አልፈው መሄድ እንዳቃታቸው አብረን አይተናል። እኔ ፎቶ ማየት የተማርኩት ከካሜራው ይልቅ ከዚያ መስታወት ላይ፣ ከዚያ "ለምን" ነው።

አባቶቻችን "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ ሲሟገቱ ፍርዱ የሚመጣው ነገሩ ከሁለቱም ወገን ከተነገረ በኋላ ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማል፣ ዋስ ይጠራል፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ይደነቃል፤ ዳኛውም የፈረደበትን ምክንያት ሰው ፊት ያቆማል። ስለ ፎቶ የምንሰጠው ፍርድም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ሁለት ሰዎች አንድ ምስል ፊት ቆመው አንዱ "እዚህ ጋ ተመልከት" ሲል፣ ሌላው ያላየውን ያያል። ላይስማሙ ይችላሉ፤ ሁለቱም ግን ከመጡበት የበለጠ አይተው ይለያያሉ። አንተን ያሸነፈህ ዳኛ ቁጥር ሰጥቶህ ሄደ። ምክንያቱን አልነገረህም፣ ብትጠይቀውም አይመልስልህም፣ ይግባኝ የምትልበት ቦታም የለም። እንዲህ ያለውን ፍርድ ብዬ አልጠራውም።

ደግሞስ ምን ለካና ነው? ኢንስታግራምን ውሰድ። በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ሲጀመር ምስሉ ሁሉ ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን ነበር፤ በተለጠፈበት ጊዜ ቅደም ተከተልም ይታይ ነበር። በ2015 ሌላ ቅርጽ ተፈቀደ። በ2016 ቅደም ተከተሉ ተለውጦ ተመልካቹ ይወደዋል ተብሎ የተገመተው መቅደም ጀመረ። በ2021 የድርጅቱ ኃላፊ ራሱ መድረኩ ከእንግዲህ የፎቶ መጋሪያ ብቻ እንዳልሆነ በይፋ ተናግሮ ቪዲዮን አስቀደመ። ግምቱ የሚሠራው ሰዎች ከዚህ ቀደም ካደረጉት ተነሥቶ ነው፤ ምን ላይ ቆዩ፣ ምኑን ነኩ፣ ምን ጻፉ፣ ለማን አስተላለፉ። ይህ ስለ ሰዎች ልማድ ብዙ ያውቃል። ስለዚያች እናት እጅ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ፎቶህን አይቶ የጠላት ሰው የለም፤ አብዛኛው ሰው ፊት አልቀረበችም።

ውበትን ራሱን በነጥብ እንዲለካ የተሠራም አለ፤ ስለዚህኛው ብዙ አነበብኩ። በ2012 ተመራማሪዎች ኤቪኤ የተባለ የፎቶ ስብስብ አወጡ። ከ250 ሺህ በላይ ምስሎች ያሉበት ሲሆን፣ የተወሰዱት ዲፒቻሌንጅ ከተባለ የፎቶ ውድድር ድረ ገጽ ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶ ብዙ ሰዎች ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጥተውታል። በ2017 የጉግል ተመራማሪዎች በዚያ ስብስብ ያሠለጠኑት ኒማ የተባለ ሥርዓት አዲስ ፎቶ ሲቀርብለት ሰዎች ስንት ስንት ሊሰጡት እንደሚችሉ ይተነብያል። በ2022 ደግሞ ላዮን የተባለው ቡድን ከኢንተርኔት የተሰበሰቡ ምስሎችን በተመሳሳይ የውበት ነጥብ አበጥሮ አወጣ፤ ስቴብል ዲፊውዥን የተባለው ምስል ፈጣሪ ከሠለጠነባቸው ምስሎች አንዱ ክፍል ከዚያ የመጣ ነው። ነገሩን ተመልከተው፤ ፎቶ በማንሳት የሚዝናኑ ሰዎች በአንድ ድረ ገጽ ላይ ለውድድር የሰጡት ነጥብ ዞሮ ዞሮ ዓለም ምን ሊመስል እንደሚገባው መለኪያ ሆነ። በፎቶ አንሺዎቹ አልፈርድም፤ ፎቶ ወዳዶች ናቸው፣ እንደኛው። ጣዕማቸው ግን የእነሱ ነው።

በዚያ የ2012 ጥናት ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ነገር አለ። ነጥብ ሰጪዎች እጅግ የተለያዩባቸው ፎቶዎች ብዙውን ጊዜ ከተለመደው የወጡ፣ ለትርጓሜ የተተዉ ሆነው ተገኙ። አስበው እንግዲህ። አንዱ ተመልካች 2 ሲሰጥ ሌላው 9 ይሰጣል። አማካዩ ሲወሰድ ያ ፎቶ 5 ነጥብ 5 ሆኖ ይመዘገባል፤ ማንንም ሳያስቆጣ፣ ማንንም ሳያስቆም ሁሉም 5 ወይም 6 ከሰጠው ፎቶ ጎን ይቀመጣል። ክርክር ያስነሳው ምስልና ማንም ያልተናገረለት ምስል አንድ ዋጋ አገኙ! እኔ የምወዳቸው ፎቶዎች ከሞላ ጎደል የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ያቺ ዓይኗን የጨፈነች ሙሽራ ስንት ታገኝ ነበር?

ድሮ ንጹሕ ዳኛ ነበረን ልልህ ግን አልፈልግም። ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለቤተ መንግሥት ፎቶ ሲያነሱ የቱ ምስል ለሕዝብ እንደሚታይ የመወሰኑ ሥልጣን በእጃቸው አልነበረም። ፊልሙም ራሱ ያዳላ ነበር። ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ አድርጎ ይልከው የነበረው "ሸርሊ" የሚባለው ካርድ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበረው፤ የጠቆረ ቆዳ በትክክል መውጣት አለመውጣቱ የሚለካበት ምስል አልነበረም። ለጥቁር ቀለም የተሻለ ፊልም እንዲሠራ ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩ ሳነብ አዘንኩ፤ የእኛ ፊት ያላንቀሳቀሰውን ቸኮሌት አንቀሳቀሰው። ጋሼ ከሙሽሮች ፊት ነጭ አንሶላ ወጥረን እንድንቆም፣ ብርሃኑም ወደ ፊታቸው እንዲመለስ ያዙን የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ያኔ ግን ዕንቅፋቱ የት እንዳለ እናውቅ ነበር፤ እጃችን ይደርስበት ነበር።

ዛሬ ስልኩ ገና ጣትህ ሳይነካው ሥራውን ጀምሯል። አፕል በ2019 ዲፕ ፊውዥን ያለውን አሠራር ሲያስተዋውቅ፣ ስልኩ 9 ምስሎችን እንደሚያዋህድና 8ቱን የሚያነሳው ቁልፉ ከመነካቱ በፊት እንደሆነ ገልጿል። ከዘጠኙ የትኛው ክፍል ከየትኛው ምስል እንደሚወሰድ የሚመርጠው ስልኩ ነው። ጥቅሙን አልክድም። ጉግል በ2021 በፒክስል ስልኮቹ ላይ የጠቆረ ቆዳን በትክክል ለማሳየት የሠራው ሥራ ከሸርሊ ካርድ በኋላ የተገባ ካሣ ነው። ነገር ግን ስልኩ ጥላ ባየ ቁጥር ይገልጠዋል። አንድ ተማሪዬ ለገና ላሊበላ ሄዶ ቤተ ማርያም ውስጥ ያነሳውን አመጣልኝ። ጧፍ የያዙ ምእመናን ናቸው፤ ከድንጋዩ ግድግዳ እስከ ጣሪያው ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። "እዚያ ስትቆም ይህን ሁሉ አይተሃል?" አልኩት። አሰበና "አይ፣ ጨለማ ነበር። ፊቶች ብቻ ነበሩ" አለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ካነሳው ፎቶ ይበልጥ ነበር።

አሁን ደግሞ ልቤን የሚከብደውን ልንገርህ። ፎቶ ቤቴ የለቅሶ ፎቶ ብዙ ያጥባል። ሰው ሲያርፍ ለድንኳኑ የሚሆን ትልቅ ፎቶ ይፈለጋል፤ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። በቅርቡ አንዲት ወጣት የእናቷን ፎቶ ልታሳጥብ መጣች። ስልኳ ውስጥ ብዙ አለ፤ በዓል፣ ልደት፣ ምርቃት። ሁሉም ግን ቆዳ በሚያለሰልስ ማጣሪያ የተነሡ ናቸው። እናቷ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራቸው። ማጣሪያው ንቅሳቱን እንደ እድፍ ቆጥሮ አደብዝዞታል፤ የዓይናቸውን ሥር አጥፍቶ፣ ጉንጫቸውን አቅልቶ የሌላ ሴት ፊት ሠርቷል። ልጅቷ አንዱን ከአንዱ እያገላበጠች ቆይታ "እማዬ በአንዱም ውስጥ የለችም" ብላ አለቀሰች። በመጨረሻ ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ጉርድ ፎቷቸውን አንሥተን አጎላነው። ሻካራ ነበር፣ ማኅተሙም ጥግ ላይ ይታያል፤ ንቅሳቱ ግን ነበረ።

ጋሼም ነጋቲቭ ላይ በቀጭን እርሳስ ሽበት ያጠፉ፣ ጠባሳ ይሸፍኑ እንደነበር አልረሳሁም። ያን ሲያደርጉ ግን ባለቤቱን "ይህን ልተወው ወይስ ላንሳው?" ብለው ይጠይቁ ነበር፤ አንዳንዱ "ተወው፣ የአባቴ ምልክት ነው" ይላል። የዛሬው ማጣሪያ ለመጠየቅ አልተሠራም። ፊት ምን መምሰል እንዳለበት አስቀድሞ ወስኖ ይጠብቃል። የተማሪዎቼን ጣዕም ከሚያበላሹት ነገሮች ሁሉ ይህን በጣም እጠላዋለሁ፤ በራሳቸው ፊት ላይ የተሰጠ ፍርድ ነውና።

መድረኩን ሁሉ ክፉ አድርጌ መሣል አልፈልግም፤ ለብዙ ወጣት በር የተከፈተለት እዚያ ነው። ግርማ በርታ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በስልኩ ያነሳቸውን ሰዎች ከአካባቢያቸው ለይቶ በደማቅ ቀለም ላይ እያቆመ በኢንስታግራም ሲያሳይ፣ በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የድጋፍ ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። የእሱ ሥራ በዓይን የሚያዝ ነው፤ ሸክም የተሸከመው፣ ጥላ የያዘችው ሴት፣ ሁሉም ብቻቸውን ቆመው ክብር ያገኛሉ። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የምናፍቀው አይዳ ሙሉነህ በ2010 የጀመረችው የአዲስ ፎቶ ፌስት ነው። በዚያ የፎቶ በዓል ላይ የፎቶ መድብል ግምገማ የሚደረግበት ጊዜ ነበር፤ ወጣቱ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ፊት ተቀምጦ ይሟገታል። ተቆጥቶ የወጣ አለ፣ ደስ ብሎት የወጣ አለ፤ ቁጥር ይዞ የወጣ ግን የለም።

ምክንያት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ደግሞ ሁለት ውድድሮች አሳዩኝ። በ2023 ቦሪስ ኤልዳግሰን የተባለ ጀርመናዊ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል ለሶኒ ዓለም አቀፍ የፎቶ ሽልማት አስገብቶ ከምድቡ ካሸነፈ በኋላ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። በ2024 ማይልስ አስትሬይ በተቃራኒው በካሜራ ያነሳትን ራስዋን የደበቀች ፍላሚንጎ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ምድብ አቀረበ፤ ተሸለመ፣ እውነቱን ሲናገር ግን ተሰረዘ። ብዙዎች ዳኞቹ ተታለሉ ብለው ሳቁባቸው። እኔ ደስ ያለኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ነው። ወፏ እዚያው ናት፣ ቀለሙም አልተለወጠም፤ ሰው ግን እንዴት እንደተነሳች ካወቀ በኋላ እንደገና ያያታል፣ ሌላ ነገር ይናገርላታል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠቡ ሦስት ፎቶዎች በዚያው ወዳጃችን እጅ ልኬልሃለሁ፤ በሚቀጥለው ወር ይመለሳል። ሦስቱም መርካቶ ውስጥ የተነሡ ናቸው፤ በአንዱ ሸማኔ፣ በአንዱ የሸማኔው ልጅ፣ በሦስተኛው ባዶው መቀመጫ ይታያል። አንዱ ብቻ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል እፈልጋለሁ። የትኛው እንደሆነ ንገረኝ፤ ምክንያቱን በደብዳቤ ጻፍልኝ እንጂ በስልክ አትላክልኝ፤ በስልክ ስንነጋገር እንቸኩላለን። አንተም ያን የፋሲካ ሌሊት ፎቶ ሳይቆረጥ፣ ግራና ቀኙ እንዳለ፣ አሳጥበህ ላክልኝ። ከኋላ የቀሩትን ነጋቲቮችህንም አትጣል።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። ከሦስቱ ባዶውን መቀመጫ ከመረጥክ ግን ምክንያትህን አጠንክረህ ጻፍ፤ እኔ የልጁን ነው የመረጥኩት።

ወዳጅህ